የሩሚያና የሞት ማስታወቂያ

ጎረቤቴ ስቶያንካ ልጇን በቁሟ ገደለቻት። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሕንፃችን በር ላይ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ሲሞት እንደምንለጥፈው፣ ከነፎቶው፣ ከነ«ጥልቅ ሐዘናችን»። ፎቶው የሩሚያና ነው።

ሩሚያናን የማያውቅ የለም። ድፍን ቡልጋሪያ በእሷ ዘፈን ነበር የሚዳረው። ልትዘፍን ቪየና ሄዳ እዚያው ስትቀር መንግሥት ድምጿን ከሬዲዮ፣ መልኳን ከመጽሔት አወጣና እንዲህ የምትባል ሰው የለችም አለን። እኛም እሺ አልን፤ ምን እንበል። እናቷ ዘንድ ደብዳቤዋ ይመጣ ነበር፤ እሱም ከቀረ አራት ዓመት ሆነው።

ወረቀቱን ገንጥዬ ስቶያንካ ቤት ገባሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ሟርት እኮ ነው።»

«ፎቶውን እንዳትቀጂብኝ» አለች።

«መሞቷን ማን ነገረሽ?»

«መኖሯንስ ማን ነገረኝ? ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሻማዋን ከላይ ከሕያዋን ጋር ላቁም፣ ከታች ከሙታን ጋር፣ አላውቅም። በሕይወት ካለች ይሄ ወሬ ይደርሳታል። ስለ እሷ ተዋሽቶ ዝም ብላ አታውቅም። ወጥታ ትናገራለች።»

ከእሷ ጋር ማን ይከራከራል። ሄጄ መልሼ ለጠፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ንፍሮ ቀቀልን። ስቶያንካን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ የነበሩት ሁሉ መጡ፤ አፈር አይብሉና ዓይናቸው እንኳ አላፈረም። በልተው ሲያበቁ አንዷ የሩሚያናን ዘፈን አንጎራጎረች፤ ቤቱ ሙሉ ተቀበላት። ለቅሶ ነው፣ ማን ይከለክላል። የሰፈሩ ሚሊሻ ፀቬትኮ ግን መጣ።

«ያ ወረቀት ይነሳ» አለ። «ሴትየዋ አልሞተችም።»

ስቶያንካ ተነስታ እጅጌውን ያዘችው። «አለች? የኔ ልጅ፣ በእናትህ ንገረኝ፣ አለች?»

ፀቬትኮ ፊቱ ቀላ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ። እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ነው የተባልነው።»

«ከሌለችማ ሞታለቻ» አልኩት። «ቁጭ በልና ንፍሮ ብላ።»

ቁጭ ብሎ በላ። ጨው አንሶታል ሲልም አላፈረም፤ ንፍሯችን በስኳር ነው የሚበላው።

እሑድ ከሰዓት ባሕር ማዶ ያለውን ሬዲዮ ከፈትን። መንግሥት እንዳንሰማው ጩኸት ይለቅበታል፤ ጆሯችንን ደቀንን። የሬዲዮው ሰውዬ «ሞታለች የተባለችው ሩሚያና አብራን አለች» አለ። ስቶያንካ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ እስካሁን ይሰማኛል።

«አልሞትኩም» አለች ሩሚያና። ተቆጥታለች። «ይሄን ያስወራው መንግሥት ነው። እናቴ ብትኖር ማን ይደፍር ነበር? እናቴ ግን ከአራት ዓመት በፊት ማረፏን የአገሬ ሰዎች ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ የምጽፍለት ሰው የለኝም። ይህን ዘፈን ለነፍሷ ነው የምዘፍነው።»

ዘፈነች። ስቶያንካን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«ጉንፋን ይዟታል» አለች ስቶያንካ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ አፏን ሬዲዮው ላይ አስጠጋች። «አለሁ» አለችው፣ ቀስ ብላ። «አለሁ እኮ፣ ልጄ።»

ጩኸቱ መጥቶ ዘፈኑን ዋጠው። እሷ አላቆመችም፤ እኔም አትሰማሽም ማለት አቃተኝ።