ሳይነበብ የቀረው የወለተሥላሴ ሥራ

«ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ሰማሁ» አለች ሱመያ፣ የውሃ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። «እኔ የማውቃቸው እትዬ ወለተሥላሴ ግን እዚያ ውስጥ የሉም።»

ሊቶኒያ ከተማ ባለው የሟቿ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ለለቅሶ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ኑሃሚን ፊቷ ጋለ። ጽሑፉን ያዘጋጀችው እሷ ነበረች። እናቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፏን ጽፋለች፤ ጠጠር ትጥል እንደነበር ግን አልጻፈችም።

የእናቷ ጓደኛ እትዬ ዘነበወርቅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «አባ አሁን ይመጣሉ። የጠጠሩ ነገር እዚህ አይነሳ» ሲሉ አንሾካሾኩ።

ኑሃሚን ዓይኗን ከሱመያ አላነሳችም። ሮዝዌል ባለው የሥነ ልቦና ምክር ቢሮዋ፣ ሰው እስኪናገር ዝም ብሎ መጠበቅ ሥራዋ ነው።

ልጅ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች እየመጡ ከእናቷ ጋር መኝታ ቤት ይገቡ ነበር። እናቷ ፎጣ አንጥፋ ጠጠሮቿን ትጥልና ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ትከሻቸው ግን ቀሎ ነው።

«ጠጠሩ ምን አለሽ?» ብላ ኑሃሚን ጠየቀቻት አንድ ቀን።

«ድንጋይ ምን ይላል? ሰው እኔን ማየት ሲያፍር ጠጠሩን እያየ ያወራል።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ኑሃሚን ሳይኮሎጂ ጨርሳ ስለ ጠጠር ጣዮች ጥናት አቀረበች። ሰው ከራሱ የደበቀውን ጠጠሩ ላይ እንደሚያየው አስረዳችና የእናቷን ቃል በእንግሊዝኛ የራሷ አድርጋ ደመደመች። አዳራሹ አጨበጨበ። እናቷ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አንድ ፕሮፌሰር ወደሷ እያየ ማን እንደሆነች ሲጠይቅ፣ ኑሃሚን «ማይ ኢንፎርማንት» አለችው።

እናቷ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ኢንፎርማንት ማለት ጆሮ ጠቢ አይደል?»

«ኖ፣ ማሚ! ለጥናት መረጃ የሚሰጥ ሰው ማለት ነው።»

«እኮ። ማንን ጠቆምኩልሽ?»

ኑሃሚን ሳቀችና «ቆይ፣ ትራፊኩን ቼክ ላድርግ» አለች። ከዚያ ወዲያ እናቷ ስለ ጥናቱ አንስታ አታውቅም።

«ወንድሜ ባሕር ሲሻገር ጠፍቶ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር» አለች ሱመያ፣ ሳሎኑ ውስጥ ንግግሯን ቀጥላ። «በሕይወት አለ ወይ ብዬ ሄድኩ። ጠጠሩን ጣሉና “ና ያለው ማነው?” አሉኝ።» ብርጭቆዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እኔ ነኝ ና ያልኩት። ለባሌ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። አቅፈውኝ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ “የኔ እስከዚህ ነው። ሮዝዌል ልጄ አለች፣ ከኔ የበለጠ ታውቃለች፤ እሷ ዘንድ ሂጂ” አሉኝ።»

«መቼ ነው?» አለች ኑሃሚን።

«ያለፈው ፋሲካ ሰሞን።»

ከጥናቱ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኑሃሚን ወንበሯን ወደ ሱመያ ሳበች። «ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ደወልኩ እንጂ። “እናቴ ጠጠር ጥላ የላከቻቸውን ሰዎች አላይም” አልሽኝ።»

ትዝ አላት። በሁለት ቀጠሮ መሃል ነበር፤ ሳንድዊች እየበላች፣ ጎርሳ እንኳ ሳትጨርስ ነው የመለሰችላት።

በሩ ተከፈተና አባ ፊልጶስ ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ሱመያም ልትወጣ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እናቴ ጠጠር ትጥል ነበር» አለች ኑሃሚን ጮክ ብላ። እትዬ ዘነበወርቅ ክንዷን ያዟት፤ አልተመለሰችም። «ሰው ማዳመጥን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያልጻፍኩት አፍሬባት ነው።»

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ዘነበወርቅ ክንዷን ለቀው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሱመያ በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ወገቧን አመማት። ኑሃሚን ሄዳ እግሯ ሥር ተንበረከከች። ክሩን አሰረችው። ጠብቆባት እንዳይሆን ፈታችው፤ አላላችና እንደገና አሰረችው።