ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ

በሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ሽመክት ኳሷን ከራሱ ግብ አጠገብ ነጥቆ ቀና አለ። ሁለት ተጫዋቾች ተንደርድረው መጡበት። አልቸኮለም። አንዱን በትከሻው አታለለው፤ ሌላው እግሩ ሥር እስኪደርስ ጠበቀና፣ በግራ መስመር ለሚሮጠው አጥቂ አርባ ሜትር ያህል የተጓዘች ኳስ ላከ። አጥቂው ሩጫውን መግታት እንኳ አላስፈለገውም። ሽመክትም ያቀበለውን ኳስ ቆሞ አላየም፤ ተከትሎ ሮጠ።

ስጦታው ብዕሩን ከደብተሩ ላይ አነሳና ሰዓቱን አየ። ሰማንያ አምስት። እንደገና አየ።

የተቀመጠው በቢቸና ሜዳ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ነበር። ሞጣ ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን በትርፍ ጊዜው ለአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ተጫዋች ይመለምላል። በየኮሌጁና በየከተማው እየዞረ ያያል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ይልካል። ዛሬ የመጣው ከደጀን የመጣውን ቡድን በረኛ ለማየት ነው። የሽመክትን ጉዳይ አምና ዘግቶታል። የጻፈውን አሁንም በቃሉ ያውቀዋል፦ «ኳስ አያያዝ፣ እጅግ ጥሩ። እይታ፣ እጅግ ጥሩ። ውሳኔ፣ እጅግ ጥሩ። ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለፕሮፌሽናል ደረጃ አይመከርም።»

ክለቡ በሽመክት ፈንታ የስጦታውን የገዛ ተማሪ፣ የሞጣውን ዘመነን ወሰደ። ለስጦታው ዓርማ ያለበት ጃኬት ተላከለት። ዛሬም በዚህ ፀሐይ ለብሶታል።

«ምነው ጋሽ ስጦታው፣ ሰዓትዎ ቆመ እንዴ?» አለ ሽመክት የሚጫወትበት የቢቸና ኮሌጅ አሠልጣኝ አካለ ወልድ ከኋላው መጥቶ። «ስልሳ ካለፈ እኮ ቆየ።»

«እያየሁ ነው።»

«ደህና አድርገው ይዩት። አምና ሳንባው ወንፊት ነው ያሉት ልጅ ነው።»

«ወንፊት አላልኩም።»

«እርስዎማ በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት።»

ፊሽካው ተነፋ። ሽመክት ላቡን በማልያው እየጠረገ መጣና ጎንበስ ብሎ ትከሻ ሰጠው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አድርገህ ነው አንተ?»

«የነገሩኝን ነዋ! ትንፋሽህን ሥራ አላሉኝም?» ልጁ ሳቀ። ጠዋት ጠዋት ዳገት እንደሚሮጥ ነገረው። ከዚያ አካለ ወልድ ራቅ ማለቱን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዘንድሮ አልጾምኩም።»

«ምን አልክ?»

«ዐቢይ ጾምን ፈታሁት። ዛሬም እንቁላል በልቼ ነው የገባሁ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን አለቀሰች። ኋላ ሲደክማት ሳህን ለየችልኝ። አረንጓዴ ሳህን። ከእኛ ዕቃ ጋር አይነካካ ብላ መስኮት ላይ ነው የምታኖረው።» አሁንም ሊስቅ ሞከረ። «ክለብ ከገባሁ ንስሐ እገባለሁ ብያታለሁ።»

ስጦታው ደብተሩን ዘጋ። እሱ ራሱ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

አምናም እንዲሁ የዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሳምንት ነበር፤ ረቡዕ ቀን፣ ይኸው ሜዳ። በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ውኃ ሲጠጡ ሽመክት አንገቱ ላይ አፈሰሰ፤ አፉን ተጉመጠመጠና ተፋው። ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ከዳው። ጨዋታው አልቆ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ከግቡ ጀርባ ተቀምጦ ካማተበ በኋላ በኩባያ የበጠበጠውን በሶ ሲጠጣ ስጦታው አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። አይቶታል። የራሱም አንጀት ታጥፎ፣ ራሱን እያመመው ነበር። ሞጣ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ቅጹን ሞላ። ቅጹ ስለ ጾም አይጠይቅም፤ እውነት ነው። ከታች ግን «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ባዶውን ተወው። ሞጣ ላይ፣ ለዚያው ቦታ ያሰበው ተማሪው ዘመነ ይጠብቀው ነበር። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት» እያለ ዓመቱን ሙሉ ለራሱ ሲነግር ከረመ።

ስልኩ ጠራ። የክለቡ የቴክኒክ ኃላፊ ሀብተ ሥላሴ ነው።

«የት ነህ?»

«ቢቸና።»

«ስማኝ፣ ጨዋታ አቀጣጣያችን ጉልበቱን ተጎዳ። ለስድስት ወር የለም። አንድ ስም እስከ ማታ ላክልኝ፤ ነገ ቦርዱ ይሰበሰባል። ያንተም የቋሚ ቅጥር ጉዳይ እዚያው ነው የሚታየው።»

«አንድ ልጅ አለ። ሽመክት ይባላል።»

በወዲያኛው በኩል ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «ይሄ አምና አይመከርም ያልከው አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ተሻሻለ በላ! በመልማዩ ክትትል ተሻሽሏል ብለህ ጻፍ። ለልጁም ጥሩ፣ ላንተም ጥሩ። ተሳስቼ ነበር የሚል መልማይ ግን ቦርድ ፊት ምን ብዬ ላቅርብ?»

«ገባኝ።»

ስጦታው ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና በስልኩ ጻፈ። «በመልማዩ ክትትል ተሻሽሏል።» ቀላል ነው። ልጁ ክለብ ይገባል፤ እሱም ይቀጠራል። ማንም ምንም አይጎድልበትም። አረንጓዴዋ ሳህን ብቻ መስኮት ላይ ትቀራለች።

ሽመክት ሣሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታ ነበር።

ስጦታው የጻፈውን አጠፋው። እንደገና ጀመረ። «አልተሻሻለም። አምናም እንዲሁ ነበር። አምና ያየሁት ቀን ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰም። ይህን አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁ ለፕሮፌሽናል ደረጃ ይመከራል።» ላከው።

ከመናኸሪያው በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«የሞጣዋ የመጨረሻ መኪና ናት» አለ አካለ ወልድ። «ትሄድብዎታለች።»

«ትሂድ። ሽመክት፣ እናትህ ቤት አሉ?»

መንገድ ላይ ከሀብተ ሥላሴ መልእክት ገባለት። «ልጁን እናየዋለን። አንተ ግን ስለ ራስህ አስብ።» ስልኩን ኪሱ ከተተና ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው።

የሽመክት እናት ወለተ ገብርኤል ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ ሴት ናቸው። እንግዳ ሲያዩ መደብ አራገፉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ መምህር። ገና አልፈቱም አይደል? የሱፍ ፍትፍት አለ።»

«እትዬ ወለተ ገብርኤል፣ መጀመሪያ የምነግርዎት አለኝ።»

ቆሞ ነገራቸው። ሳይቀንስ ነገራቸው፤ በሶውን፣ ባዶ የተወውን ቦታ፣ ዘመነን። ሽመክት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ጋሼ፣ ሳንባዬ…»

«ሳንባህ ምንም አልነበረውም።»



«እያወቁ ነው?» አሉ ወለተ ገብርኤል።

«እያወቅሁ።»

«እርስዎ ይጾማሉ?»

«እጾማለሁ።»

 ሴትዮዋ ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ በነጭ ሳህን ፍትፍቱን ይዘው ነበር፤ የመጣ እንግዳ ጦሙን አያድርምና። ዓይኑን ሳያዩ ከፊቱ አኖሩለት። ልጃቸው ግን እንደቆመ ነው።

ስጦታው ነጩን ሳህን በሁለት እጁ አንስቶ ለሽመክት አቀበለው። ልጁ እናቱን አየ። እናቱ አልከለከሉም።

«የእኔን በዚያኛው ያድርጉልኝ» አለ ስጦታው፤ ወደ መስኮቱ ሄዶም አረንጓዴዋን ሳህን ራሱ አወረዳት።