ዝቅ ብሎ የተሰቀለ መስታወት

ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት ቤፖ የሚሉት ነጭ ነጋዴ ታንኳ ከሚጠጋበት አጠገብ ሱቅ ከፈተ። ጨው ያመጣልናል ብለን ነበር፤ እሱ ያመጣው የፀጉር ቅባት ነው። ከበሩ ጎን መስታወት ሰቀለ፤ ከመስታወቱ በላይ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ ሴት ሥዕል ለጠፈ። ጺሜን ልይበት ብዬ ስጠጋ መጎንበስ ግድ ሆነብኝ። ሰውየው ልኩን አልሳተም። መስታወቱ የተሰቀለው በሕፃን ቁመት ነበር።

የእህቴ የእናትዓለም ልጅ ወለተ ሩፋኤል ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ራሷ እንደ እኩዮቿ ጋሜ ነበር፤ መሐሉ የተላጨ፣ ዙሪያው የቀረ። ጋሜ ያላት ልጅ ገና ልጅ ናት። መሐሉን አሳድጋ ሹሩባ የተሠራች ግን ለባል ደርሳለች። ማንም መጠየቅ አያሻውም፤ ከሩቅ ይታያል።

ቤፖም ይህን ያውቅ ነበር። ፀጉራቸውን ያሳደጉትን በነጻ ይቀባቸዋል። ጋሜ ያላትን በተሰባበረ አማርኛው ቅባት የሴት ነው፣ ሕፃን ወደ እናቷ ትሂድ እያለ ይመልሳታል። ብዙም ሳይቆይ ውኃ ቀጂዎቹ ልጆች እርስ በርስ "አንቺ ልጭት" መባባል ጀመሩ። ወለተ ሩፋኤል ምላጭ ስታይ ትሸሽ ጀመር። እናቷ አባበለቻት፣ ቆነጠጠቻት፣ በመጨረሻ ደከማት። ባሏ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ገብቶ የቤቱ ሸክም ሁሉ በእሷ ላይ ነበር።

ሱቁ ድረስ ሄጄ ተሳደብሁ። ቤፖ ሳቀና ማንንም አልጎተትሁም፣ ልጆቹ ራሳቸው ይመጣሉ አለኝ። እኛስ ያልደረሰች ልጅ እንድር የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። እንድራለን፤ ነውራችን ነው፤ እሱንም ስቃወም ከስንቱ ዘመድ ጋር ተቀያይሜአለሁ። ግን ያን ጊዜ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ በዳዮቿም እኛ ትልልቆቹ መሆናችንን ሁሉም ያውቃል። ይህ ሰው ግን ልጅቱን ራሷን ለምና እንድትመጣ ያደርጋትና እንደ ጲላጦስ እጁን ይታጠባል።

መሐሉ አድጎላት ወለተ ሩፋኤል ለጥምቀት ሹሩባ ተሠራች። በዓሉ እንዳለፈ የጣሊያን ምሽግ አስተርጓሚ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው፣ ከቤፖ ሱቅ አንድ ብልቃጥ ቅባት ይዞ እህቴ ቤት መጣ። ተቀመጠ፤ ልጅቱን ለራሱ ጠየቀ። እናትዓለም ገና ሕፃን ናት አለችው።

"ፀጉሯን አይቻለሁ፤ ደርሳለች" አላት። "ባልሽ የት እንዳለ አለቆቼ አልጠየቁኝም። እንዳይጠይቁኝ እሑድ መልስሽን ልስማ።"

ብልቃጡን ትቶ ወጣ። ልጅቱ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጣችና ምላጩን ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥታ እናቷ መዳፍ ላይ አኖረች።

"እማ፣ ላጪኝ።"

እናትዓለም እያለቀሰች ላጨቻት። ሰውየው ግን አንዴ አይቷልና በምላጭ ብቻ አይመለስም። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ መነኩሲት አክስት አለችን፤ ልጅቱን እዚያ ላደርሳት፣ እናቷም ወደ ባሏ ልትሄድ ተስማማን። ጎረቤታችን መስዑድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ነገሩን ስነግረው ታንኳውን አዘጋጀ። ከወደቡ ዘበኛ ቆሟል። ያለ ፈቃድ ሴት እንዳትሻገር ታዟል ይባል ነበር። ወለተ ሩፋኤልን ነጠላሽን አውርጂ አልኋት። ዘበኛው ራሷን አየ።

"ይች ደግሞ የማናት?" አለ።

"የእኔው ጣጣ፣ ልጄ ናት፤ ስታለቅስብኝ በታንኳ ላንሸራሽራት ነው" አለ መስዑድ። ዘበኛው እለፉ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባሕር ዳር ከኋላችን ራቀች። ልጅቱ ከታንኳው ጫፍ ጎንበስ ብላ መልኳን ውኃው ውስጥ ፈለገች፤ ሞገዱ ይሰባብርባታል።

"ጋሼ፣ አክስት ዘንድ መስታወት አለ?"

"የለም።"

"ፀጉሬ እስኪያድግ ብዙ ይቆያል?"

ይቆይ አልኋት፤ ምን ያስቸኩልሻል። ሐይቁ ላይ ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። እሷ ግን ነጠላዋን ስባ የተላጨውን ሸፈነች።