የድራማ አድናቂዎቹ ጉባኤ

ታላቅ እህቴ ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋውኗን ካወለቀች በኋላ ግን ሌላ ሥራ አላት፦ ስለ አንዲት የጥንት ንግሥት የተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎችን በቴሌግራም ሰብስባ ታስተዳድራለች። አባባ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ባያት ቁጥር፣ "የሞተችውን ንግሥት ትተሽ የራስሽን ኑሮ ብታስቢ ምን አለ?" ይላታል። እሷም "እሺ አባባ" ትልና መጻፏን ትቀጥላለች።

ነገር የመጣው በድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው። የንግሥቲቱ መልእክተኛ ከወደቡ ተነሥቶ ባንድ ቀን ቤተ መንግሥት ከች አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ "ፈረሱ ክንፍ አለው እንዴ? እኔ እንዲህ ያለውን ዳገት በመኪና ስወጣ እንኳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች" ብሎ ጻፈ። ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ "ድራማችን ተነካ" ብሎ ተነሣበት። ስድቡ ወረደ። ብዙ ሰው ጥሎ ወጣ።

እህቴ ግን ቡድኑን አልዘጋችውም። "የሚሳደብ ይውጣ፤ ማስረጃ ያለው ይናገር" ብላ ለጠፈች። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የድሮ ካርታ ላኩ። አንድ ተርጓሚ በዚያ መንገድ ያለፈ ነጋዴ የጻፈውን ጥቂት በጥቂቱ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያስነብብ ጀመር። መልእክቱ የሚሄደው በአንድ ፈረሰኛ ሳይሆን ከመንደር መንደር በቅብብል እንደነበር ታወቀ። ሹፌሩ "እኔስ ምን አልኩ!" አለ። እንዲያ አላለም ነበር፤ ግን ማንም አልተከራከረውም።

ጥያቄ ጥያቄ እየወለደ፣ ከመንገዱ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ልብሱ ተሻገሩ። እሑድ ከሰዓት በቴሌግራም የሚያደርጉት የድምፅ ውይይት አልበቃቸው አለ።

"ለምን የታሪክ ጉባኤ አናደርገውም?" አሉ አስተማሪዋ።

"እኛ? ድራማ ስናይ የተገናኘን ሰዎች?" አለች እህቴ።

"ታዲያ የት መገናኘት ነበረብን፣ ልጄ?"

እህቴ ካርታውን አያይዛ ለዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ጻፈች። አብዛኞቹ ዝም አሏት። አንዱ ግን ካርታውን አይቶ፣ "ቦታ ካላችሁ እኔም ጥናቴን ይዤ ልምጣ" ብሎ መለሰ። እህቴ መልሱን እያነበበች ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

የጉባኤው ቀን ጠዋት ላፕቶፗን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እኔ ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥ ዘብ ቆሜያለሁ። ከየአገሩ የሚገባው ሰው ስክሪኑን ሞልቶ ተረፈ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች፣ ከወረቀት ላይ እያነበበች። "ድራማ ሊያይ ተሰብስቦ ታሪክ ይዞ ያስቀረው ሰው ቢኖር እኛ ነን።"

ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደግፎ አጨበጨበ። አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

አባባ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካሜራው በማያየው ጥግ ተቀምጧል። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ፤ ጓደኛው ነው።

"አሁን አይመቸኝም" አለ፣ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት። "ልጄ የምትመራው ጉባኤ ላይ ነኝ።"

ማይኩ ክፍት ነበር። ስክሪን ሙሉ ሰው ሳቀ፤ የዩኒቨርሲቲው መምህርም ሳይቀር። እህቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና፣ ጥርት ባለ ድምፅ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ጋበዘች።