መስታወት ተሸካሚው

መጀመሪያ የተሰማው የከተማ መፍረስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረመሰ፣ ብረት አቃሰተ፣ መስታወት እንደ በረዶ ወረደ፣ አንዲት ሴት ጮኸች። በዚያ ሁሉ መዓት መሀል አንድ ደረቅ ሳል ተሰማ፤ ጉሮሮ ተጠረገና የደከመ የወንድ ድምፅ «አይዞሽ፣ መጣሁልሽ» አለ።

ትኬት ቆራጯ ቀና እንኳ አላለችም። ከትንሿ መስኮት ኋላ ተቀምጣ የሹራብ እጅጌ ትጠግን ነበር። ምን ያስደነግጣታል? ይህ ከተማ ፈርሶ አያውቅም እንዳይባል በየሳምንቱ ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል።

ክፍሏ የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፋ የተሠራች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ምስማር ብቻ የምትችል ጠባብ ነገር ናት። ምስማሩ የተርጓሚው ነው። ኮቱን እዚያ ይሰቅልና ወደ ውስጥ ይገባል። ፊልሞቹ የሚመጡት ከሩቅ አገር በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ፣ እሱ ከሸራው ጎን ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ማይኩን ይዞ፣ የወንዱንም የሴቲቱንም የሕፃኑንም ይናገራል፤ ደስ ካለው የውሻውንም።

እሷ ፊልም አይታ አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያረፍድ ሰው ስለማይጠፋ መስኮቱ አይዘጋም። ስለዚህ በግድግዳው ስታዳምጥ ኖረች። ለእሷ ፊልም የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም፤ የሁሉም ጀግና ፊት የተርጓሚው ድምፅ ነው። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ቁልፏን ይዛ ወደ ጓሮ መሄድ አለባት፤ የተመልካቹን ሳይክል የምታስረክብ እሷ ናትና። በዚህ የተነሳ የአንድም ፊልም መጨረሻ ሰምታ አታውቅም። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ተርጓሚው ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ትጠብቀውና «ከዚያስ፣ ጋሼ?» ትለዋለች። እሱም አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ እንዳስገባ ሌላውን እጁን እየወዘወዘ የቀረውን ይነግራታል። አንዳንዴ ፊልሙ ራሱ እሱ የነገራትን ያህል አያምርም ነበር፤ አይታ ስለማታውቅ ግን ማን ያጋልጠዋል።

ከዚያ በራሪዎቹ መጡ።

የመጀመሪያው በራሪ ሰው የመጣ ጊዜ አዳራሹ ሊፈነዳ ነበር። ሰው ወንበር ላይ ቆመ፣ አጨበጨበ፣ በራሪው ካባ ለብሶ ሲነሳ አብሮት ሊነሳ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ የበራሪው ወንድም መጣ። ከዚያ የወንድሙ ጠላት፣ የጠላቱ ልጅ፣ በመጨረሻም አምና ሁሉም አልቅሶ የቀበረው ያው የመጀመሪያው በራሪ ካባውን አራግፎ ተነሳ። ሞቶ የማይቀር ሰው ሁለተኛ አያስለቅስም። ሰማዩ ይቀደዳል፣ ከቀዳዳው መዓት ይወርዳል፣ በራሪዎቹ ተጣልተው ይታረቃሉ፣ ከዚያ ሰማዩን ይሰፉታል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

የአዳራሹ ባለቤት አዲስ ፊልም ባመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «የምሥራች፣ ክፍል ስድስቱ ደረሰ፣ ክፍል ሰባቱ ደረሰ» ይል ስለነበር ሰዎች ክፍል ሰባት ብለው ስም አወጡለት። ፊልሙ ሰባትን አልፎ ሄደ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ከደንበኞቹ ፀጉር አስተካካዩ ፊት ረድፍ ላይ ይቀመጥና ገና መብራቱ ሲጠፋ ማን እንደሚሞት፣ ማን ሞቶ እንደሚነሳ ለጎረቤቶቹ ያድላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። የመጋዘኑ ጥበቃ ደግሞ የሚመጣው ለመተኛት ነው። ቤቱ ልጆች ስለሚረብሹት፣ ዓለም ስትጠፋ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል። ሌሎቹም መጨረሻውን መጠበቅ ትተው፣ ሳይክላቸውን ሲቀበሉ ግፊያ እንዳይገጥማቸው ቀደም ብለው ይወጣሉ።

ትኬት ቆራጯም «ከዚያስ?» ማለት ተወች። መቼ እንደተወች አታስታውስም። ኮቱን ታቀብለዋለች፣ ደህና እደር ይላታል፣ ይሄዳል።

አንድ ሰኞ ክፍል ሰባት መስኮቷ ላይ ተደግፎ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ተናገረ። ስለ ጣራው አወራ፣ ስለ ጉንፋኑ አወራ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተርጓሚውን ከቅዳሜ ጀምሮ ሊያሰናብተው እንደሆነ ነገራት። አዳራሹ እየተራቆተ ነው፣ ምክንያቱ የሰውዬው መድከም ሳይሆን አይቀርም አለ። እሷ ጥፋቱ የፊልሙ ነው እንጂ የሱ አይደለም ብላ ልትከራከር ሞከረች። እሱ ግን እዚያ ማዶ ያሉት ፊልም ሠሪዎች ያንኑ እያሞቁ ከላኩ፣ እኔ ከየት አምጥቼ ትኩስ ላቅርብ አላት።

«ደግሞስ» አለ፣ «ሰዉ ታሪኩን በቃሉ ይዞታል። የሚታወቅ ነገር ምን ይተረጎማል?»

ሊሄድ ሲል ዘወር ብሎ፣ አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማሻል አላት። ሰው ለማሰናበት ወኔ ያጣ፣ የሚልከው ሰው አያጣም።

በማግስቱ አዲስ ፊልም ገባ። በመስኮቷ ጎን የተለጠፈው ፖስተር ላይ ጥሩር የለበሰች አንዲት ሴት ጦር ይዛ ቆማለች፤ ሌላ ሰው የለበትም። ትኬት ቆራጯ መልእክቱን ገና ሳታደርስ እየሰፋች ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ተርጓሚው ጀመረ። «ወንድሜ፣ ድልድዩን አታፍርስ። እናታችን ከበታቹ ናት።»

መርፌው ጣቷን ወጋት።

ወንድሙን፣ ድልድዩን፣ እናቱን ታውቃቸዋለች። ያለፈው ሳምንት ፊልም ናቸው። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። መምህሩ መጣ፤ ከዳ። ወንድምየው ወደቀ፣ ተቀበረ፣ ተለቀሰለት። ቃል በቃል የባለፈው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልሙ መሀል መስኮቷን ጥላ ተነሳች፣ በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች።

ሸራው ላይ ጥሩር የለበሰችው ሴት ከአንድ ግዙፍ አውሬ ጋር ትዋጋለች። ወንድም የለም። ድልድይ የለም። ተርጓሚው ግን እናትየዋን ከድልድዩ ሥር እያወጣ ነው። ሰዎቹ ለውዝ ይፈለፍላሉ። ጥበቃው ያንኮራፋል። ፀጉር አስተካካዩ ለጎኑ ሰው፣ አሁን መምህሩ ይፀፀታል አለው፤ ወዲያው ተርጓሚው መምህሩ እንደተፀፀተ ተናገረ። ፀጉር አስተካካዩ ረክቶ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሸራው ላይ ግን አንድም መምህር አልነበረም።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ተርጓሚው ኮቱን ሊወስድ መጣ። ኮቱን አላቀበለችውም።

«ጋሼ፣ የዛሬው ያለፈው ሳምንት ነው።»

እሱ ቀስ ብሎ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ማን አወቀ?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ?»

እሱም ነገሩን ነገራት። መጀመሪያ ላይ በእውነት ነበር የተሳሳተው። አእምሮው ሌላ ቦታ ነበር፣ አፉ በለመደው መንገድ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ነቃ፣ አፈረ፣ ሊያርም አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን አላረመም። አንድ ሰው ውሸት ነው ብሎ እስኪጮህ ልጠብቅ አለ። ድሮ አንድ ስም ቢያዛንፍ የለውዝ ልጣጭ ነበር የሚወረወርበት። እስከ መጨረሻው ጠበቀ። አንድም ልጣጭ አልተወረወረም።

እሷም የክፍል ሰባትን መልእክት እዚያው አወጣችው፤ ከዚህ በኋላ ብትይዘው የባሰ ይሆናል ብላ። ሲሰማ አልደነገጠም። «እኔም በሱ ቦታ ብሆን ራሴን አሰናብት ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንቺም እኮ መጠየቅ ከተውሽ ቆየሽ።»

«ስለማውቀው ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ ጠልቼ አይደለም።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ኮቱን ራሱ አነሳና ወጣ። እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች። ሰውዬው እንጀራውን ሊያጣ ነው፣ እሷ ግን የሚቆጫት ሌላ ነገር ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የምትሰጠው ነገር ነበራት፣ እሱም ጥያቄ ነበር፣ እሱኑ ነፍጋው ኖራለች። አሁን ብትጠይቀው ደግሞ ምፅዋት ይመስለዋል።

ዓርብ የመጨረሻ ቀኑ ሆነ። የከሰዓቱ ፊልም ያው የጥሩሯ ሴት ነው። ትኬት ቆራጯ ሹራቧን አላወጣችም። ከግድግዳው ወዲያ ከተማው መፍረስ ጀመረ፤ ሳሉ ተሰማ። ከዚያ ተርጓሚው፣ «እሷን ተዉአት። ወደ ታች ተመልከቱ፣ ከመንገዱ ዳር። ያን መስታወት የተሸከመውን ሰውዬ አያችሁት?» አለ።

አዳራሹ ውስጥ መንሾካሾክ ሆነ። የትኛው ሰውዬ ነው አለ አንዱ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያውና፣ አለፈ እኮ፣ አለ።

ተርጓሚው ቀጠለ። ይህ ሰው ሥራው በተሰበረ መስኮት ላይ መስታወት መግጠም ነው። በራሪዎቹ በተጣሉ ቁጥር የዚህ ከተማ መስኮት ሁሉ ይረግፋል፤ እነሱ ተመስግነው ይሄዳሉ፣ እሱ ተጎንብሶ ይገጥማል። የቤቱን መስኮት ያልገጠመለት ሰው የለም፣ ከአንድ ቤት በስተቀር። እሱም የሴት ልጁ ቤት ነው። በሠርጓ ሰሞን ክፉ ቃል ተናግሯት ተቀያየሙ፤ ከዚያ ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም። ትናንት በዚያ ሲያልፍ መስኮቷ ተሰብሮ በጨርቅ ተደፍኖ አየ። ሌሊቱን ሳይተኛ አንድ መስታወት ቆረጠ። ዛሬ ይዞላት እየሄደ ነው፤ እነዚህም ዛሬን መርጠው ሰማዩን ቀደዱት።

ትኬት ቆራጯ መስኮቷን ዘጋች። የሚያረፍድ ያርፍድ። መጋረጃውን ገልጣ በሩ ላይ ቆመች።

ሸራው ላይ ሴትዮዋና አውሬው ይተናነቃሉ፤ ማንም አያያቸውም። ሰው ሁሉ ከእግራቸው ሥር በሚራወጠው ሕዝብ መሀል አንድ ሰው ይፈልጋል። ሰውዬው ከዚያች ቅጽበት በኋላ ፊልሙ ላይ ጨርሶ አልታየም፤ ግን ፎቅ በተናደ ቁጥር ተርጓሚው በየትኛው ደጅ እንደተጠለለ፣ መስታወቱን በጀርባው እንዴት እንደከለለ ይናገራል። አውሬው ጅራቱን ሲያወናጭፍ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት «መስታወቱ!» ብላ ጮኸች። የሳቀባት አልነበረም። ጥበቃው ነቅቶ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩን ጎኑ ያለው ሰው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀው።

ፀጉር አስተካካዩ «እኔ ምን አውቄ» አለ፤ ሲናገር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

የሳይክሉ ሰዓት ደረሰ። ሰውዬው መንገዱን ጨርሶ መስታወቱን ግድግዳ አስደግፎ የልጁ በር ፊት ቆመ። ትኬት ቆራጯ ቁልፏን ጨብጣ እግሯ እምቢ እያላት ወደ ጓሮ ሄደች። ሳይክሎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት ግማሹ ሰው ወጥቶ እዚህ ይጋፋ ነበር። ዛሬ አንድም አልመጣም። ብቻዋን ቆማ ጆሮዋን ጣለች፣ ከዚያ ግን የሚደርሳት የፍንዳታው ድምፅ ብቻ ነው።

በኋላ ተግተልትለው ወጡ። እንደሌላው ጊዜ አይንጫጩም፤ ሁለት ሦስት እየሆኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ይከራከራሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሳይክሉን ይዞ አልሄደም። «መስታወት ተሸካሚው ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ ከዚያ ተርጓሚው ማይኩን ዘጋብን እኮ» ሲል ለትኬት ቆራጯ አቤት አለ። አንቺ ጠይቂልን፣ እኛ እዚህ እንጠብቃለን አላት። ክፍል ሰባትም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ እየሮጠ ደረሰና፣ ያን ያልኩሽን ተይው፣ ነገም ይምጣ፣ ከነገ ወዲያም ይምጣ፣ እስከወደደው ድረስ ይምጣ በይው አለ።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ተርጓሚው ኮቱን ከምስማሩ እያወረደ ነበር። የክፍል ሰባትን ቃል ነገረችው፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ይሁን አይሁን አይታወቅም። አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገባ። የድሮው ሰዓት፣ የድሮው አቋቋም ነው። ይህን ልጠይቀው አልጠይቀው ብላ አላሰበችም፤ ለሱ ብላም አልነበረም። አፏ ቀደማት።

«ከዚያስ፣ ጋሼ? ከፈተችለት?»

እሱ በሌላኛው እጁ እጅጌውን እየፈለገ ቆመ። ዓይን ዓይኗን አያት፣ ብዙ አያት። ከንፈሩ ሊናገር እንዳለ ሰው ተላቀቀ። ከዚያ እጁ እጅጌውን አገኘ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ቆለፈ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተ፣ ሳይክላቸውን ይዘው በሚጠብቁት ሰዎች መሀል አለፈ። መንገድ ለቀቁለት። ወደ ኋላ ሳይመለከት ከግቢው ወጥቶ ሄደ።