የውሃልክ ፍጹም ዕረፍት

ሰፈሩ በግንበኛ መለኪያ ስም «ውሃልክ» ይለዋል። ዕድሜውን ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው፤ «ይቺ ጥጓ ጋ ወርዳለች» ሳይል ወንበር አይስብም። የሰውን ቤት ተንበርክኮ ሲያቃና ኖሮ በመጨረሻ የገዛ ጉልበቱ ተንሻፈፈ።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና፣ «አይዞዎት፣ ለጊዜው ቢላ አያስፈልግዎትም» አለው። «የጭንዎ ጡንቻ ግን ደክሟል። እሱ ከጠነከረ ጉልበትዎን ይሸከምልዎታል። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እግርዎን ቀጥ አድርገው ማንሳት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ መራመድ፣ ይቺን ቦርጭ መቀነስ፤ ይኸው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ጭንዎን ትለካዋለች። ጭንዎ ከዚህ ይበልጥ ሳስቶ ከመጡ ግን ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገራለን።»

ሚስቱ ውጭ እየጠበቀችው ነበር። የትምህርት ቤት ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ ናት፤ ከክፍል ሾልኮ የሚወጣን ተማሪ ዞር ብላ ሳታይ በኮቴው ትለየዋለች።

«እህስ፣ ምን አለህ?»

ውሃልክ እንደ ሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ ታየው። ከሰኞ ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የእግር ኳስ ውድድርም ታየው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ፍጹም ዕረፍት ነው ያዘዘልኝ» አላት። «ከአልጋ ከወረድክ ቢላ ይጠብቅሃል ብሎኛል።»

ያቺን የቢላ ነገር ባይጨምራት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ አልጋው ሳሎን ወጣ። አማቱ ከነሻንጣቸው መጡና ፊት ለፊቱ ወንበር ይዘው ተሰየሙ። ሚስቱ የማምሻ ተረኝነቷን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች። ጫማዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ጠያቂው ጎረፈ፤ ከመጣው ሁሉ ሐኪም ያልሆነ አልተገኘም። አንዱ የጋለ ጨው በካልሲ ቋጥሮ አሰረለት። ሌላዋ ጉልበቱን በጥቅል ጎመን ቅጠል ጠቀለለችው። ሦስተኛው ለመኪናም ለሰውም ይሆናል ያለውን ቅባት ይዞ መጣ። ውሃልክ ኳሱን እያየ ተኝቶ፣ መንግሥተ ሰማያት እንዲህ ከሆነች ባልከፋ ብሎ ነበር፤ ውድድሩ እስኪያልቅ።

ውድድሩ አለቀ፤ ዕረፍቱ ግን አላለቀም። አንድ ጠዋት ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሩን አየ። ጭኑ የእሱ አይመስልም፤ የፒጃማው እግር ባዶ ጆንያ ሆኗል። ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሳ ጉልበቱ ከዳው። ቀጠሮው ትዝ አለው። የሐኪሙ ቃል ትዝ አለው። ቢላ!

ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃልክ መድኃኒቱን እንደ ሌባ ይሠራው ጀመር። ብርድ ልብሱ ሥር እግሩን ቀስ አድርጎ ሲያነሳ፣

«ምንድን ነው ይሄ የሚያብጠው?» አሉ አማቱ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

«ደንዝዞኝ ነው እማማ።»

«ከደነዘዘህ ይታሻል እንጂ ይነሳል እንዴ? አስተኛው!» አሉና ትራስ ጫኑበት።

ሽንት ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ሞከረ። ሲያቃስት ሚስቱ ሰማችው። ማታውኑ የሆድ ሽሮፕ መጣ፤ ቁልፉም «ወድቀህ ብትቀርስ?» ተብሎ ከበሩ ተነቀለ።

የቀረው ኮሪደሩ ነበር። አማቱ ከምሳ በኋላ ሲያንጎላጁ ጠብቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ተራመደ። ወጥመዱ እዚያው ነበር። ኮሪደሩ መሐል ያለችውን ሴራሚክ ራሱ ነው ያነጠፋት፤ የሰው ሥራ አስቸኩሎት ሲሚንቶውን ሳይሞላ፣ «የራሴ ቤት አይደል፣ ኋላ አስተካክላታለሁ» ብሎ ያለፋት። ሥሯ ባዶ ነው። ሲረግጣት ቤቱን የሚሞላ ድምፅ አወጣች፦ ቋ!

«ተነስቷል!» ብለው ጮኹ አማቱ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ።

ማታ ሚስቱ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች፣ «ምን አደረግኩህ?» አለችው። ድምፅዋ ደክሟል። «ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች ሳባርር ውዬ እመጣለሁ። የሐኪምህን ቃል እንዳትጥስብኝ ነው ይሄ ሁሉ። ቢላ እንደምፈራልህ ታውቅ የለ?»

አንጀቱን በላችው። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። እጇ ደግሞ በእግሩ ጣቶች መካከል ነበር፤ እንዲህ ይዛው እያለ የሚነገር እውነት አልነበረም። ዋጠው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሚስቱ፣ «ዛሬማ አብሬህ ነው የምገባው፣ ያስታመምኩት እኔ» አለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት። ጭኑን በሜትር ለካች፤ ወረቀቷን አየች፤ ደግማ ለካች።

«ቀንሷል እኮ! መልመጃውን በየቀኑ ሠርተዋል?»

«የምን መልመጃ?» አለች ሚስቱ።

ውሃልክ የሚያይበት ቦታ ቢያጣ ወለሉን አየ።

«ይቺ ሴራሚክ» አለ በደከመ ድምፅ፣ «ጥጓ ጋ ወርዳለች።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ለሚስቱ ሁሉንም አስረዳቻት፤ እግር ማንሳቱን፣ መራመዱን፣ ቦርጩን። «አንድ ወር እንስጣቸው» አለች በመጨረሻ። «ያኔም ካልጨመረ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምልካቸው።»

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ለእናቷ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አማቱ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ልክ ሊፈርስ እንደተወሰነበት ግድግዳ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሚስቱ ተማሪ የምታሰልፍበት ፊሽካ ጆሮው ሥር ተነፋ። አልጋው ወደ መኝታ ቤት ተመልሷል። ጫማዎቹ ተወልውለው ተደርድረዋል። ሳህኑ ላይ አንዲት እንቁላል ብቻዋን ተቀምጣለች። አማቱ ወንበራቸውን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ባዶዋ ሴራሚክ አዘንብለው ይጠብቁታል።

«እሷን እየረገጥክ ትመላለሳለህ» አሉት። «ድምፅዋ ከጠፋ ተቀምጠሃል ማለት ነው። ከተቀመጥክ ልጄን እጠራታለሁ።»

«እማማ፣ ዕረፍትም እኮ መካከል ላይ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ...»

«ሐኪሙን እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ!»

ቋ። ዞረ። ቋ።

በሳምንቱ አንድ ነገር ታዘበ፦ እጁ ግድግዳውን ለቋል። ጉልበቱ ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ተጠነቀቀ፤ ደስ ያለው እስረኛ ሥራ ይጨመርበታል።

«እማማ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ይቺን ሴራሚክ አንስቼ ላስተካክላት? ተንበርክኬ ሳይሆን... ቁጭ ብዬ።»

አማቱ ፈገግ አሉ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር።

«ኋላ ታስተካክላታለህ» አሉት።

ከጓዳ የሚስቱ ፊሽካ ተነፋ።

ቋ።