ከቢስቲማ የመጣው ባዶ ቅጽ

ቢያዝን በሩን ያየው ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ከነማጠፊያው የተነቀለ የእንጨት በር አዝላ ገዢ ትጠብቃለች። ሰኔ 1976 ዓ.ም. ነበር። እሱ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያው ወዳለበት ወደ ሥራው የሚወስደውን አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።

«ከየት ነው የመጡት እናቴ?»

«ከወረባቦ፣ ከቢስቲማ ወዲያ።»

«በሩን ለምን ነቀሉት?»

«ምን ይሠራልናል? እንኳን ሌባው አይጡም ጥሎን ሄዷል።» ሳቀች። ፊቷ ላይ ከጥርሷ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም።

«ቢስቲማ መጋቢት ላይ ዘንቦ አልነበረም እንዴ?» አላት፤ ከአፉ አምልጦት።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ዘነበ? ወላሂ፣ የዘነበበትን ቦታ ብታሳየን ሄደን እንተኛበት ነበር።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ሞልቶ ሄደ። ቢያዝን አልተሳፈረም። ሰማንያ አራት ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞራል። የቢስቲማ የመጋቢት ዝናብ ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ቁጥሩ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ እሱ ነው ከአሮጌ ማኅደር ቀምሮ ያወጣው።

ቢያዝን የደሴ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ የአየር ጠባይ ትምህርት ተምሮ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። ሥራው በየገጠሩ ከተተከሉት የዝናብ መለኪያዎች በወር አንዴ የሚመጡትን ቅጾች ሰብስቦ፣ ደምሮ፣ ደሴ ላለው የእርዳታ ቢሮ መላክ ነበር። የበልግ ዝናብ የቀረበት ወረዳ ለእህል ቀድሞ ይመዘገባል። ሥራውን ያስረከቡት አቶ ማረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ይዘውት ኖረዋል። «ቅጾቹ እንደ ጸሐፊዎቻቸው ናቸው፤ እየዞርን ከሰዎቹ ጋር ላስተዋውቅህ» ብለውት ነበር።

«አይድከሙ ጋሼ። ቅጹ ራሱ ይናገራል» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል መልሶ ሊውጠው ስንት ጊዜ ተመኘ!

የመጋቢቱ የቢስቲማ ቅጽ ሲመጣ ስሙና ፊርማው ባማረ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ የዝናቡ ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ባዶ ማለት አልተለካም ማለት እንጂ አልዘነበም ማለት እንዳልሆነ ኦዴሳ ተምሯል። ያልተለካውን ባለፉት ዓመታት አማካይ መሙላትንም ተምሯል። ሞላው። የሌላው ጣቢያ የሐርቡ ጸሐፊ በየቀኑ ዜሮ ጽፎ ስለላከ ሐርቡ ለእህል ተመዘገበ። የቢስቲማ ወረዳ ወረባቦ ግን ዘንቦለታል ተብሎ ተዘለለ።

ባለ በሯን ሴትዮ ባገኘበት በዚያው ቀን በጭነት መኪና ቢስቲማ ገባ። መለኪያውን የሚጠብቁት ሼህ ሸረፈዲን፣ ከሲታ ሽማግሌ፣ ደጃቸው ላይ ተቀብለው ወደ ጓሮ ወሰዱት። መለኪያው በእሾህ ታጥሯል፤ ቆርቆሮው ተወልውሎ ያበራል።

«በየጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ» አሉት። «አንድ ቀን አላሳለፍኩም።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉም?»

«ምኑን ልጻፈው? ጠብ አላለም።»

«ዜሮ ብለው ነዋ!»

«ስማ ልጄ፣ እኛ ጎተራው ሲራቆት እንኳ ባዶ ነው አንልም፤ ነውር ነው። በየጧቱ ተነሥቼ የለም፣ የለም እያልኩ ልፈርም? አላህን መክሰስ መሰለኝ። ማረው ይህን ያውቃል። ባዶውን ሲያይ ዜሮውን በራሱ እጅ ይሞላው ነበር። አንተ ካፊር ነህ፣ አይከብድህም እያልኩ እንሳሳቅ ነበር።»

«ለምን ይህን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ማረው ለአረፋ ይመጣ ነበር። አንተን ዛሬ አየሁህ።»

ቢያዝን ዓይኑን ቆርቆሮው ላይ ተከለ። «ዘንቧል ብዬ ጽፌአለሁ ሼህ።»

«ስንት አድርገህ?»

«ሰማንያ አራት።»

ሽማግሌው ውሃው ይደርስበት የነበረውን ልክ በጣታቸው መለኪያው ላይ ያዙ። «ማሻአላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ዝናብ ነበር።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጧት ደሴ፣ እርዳታ ቢሮ ነበር። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ቀለሙ እርማቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ወረቀቱን አስቀመጠ።

«መኪኖቹ ተደልድለዋል፤ ግማሾቹም ወጥተዋል። ዘንቧል ያልከኝ አንተ ነህ፤ አልዘነበም የምትለኝም አንተ።»

«አሁን ነው እውነቱን ያወቅሁት። ከሐርቡ ቀንሱላቸው።»

«የሐርቡን ልጅ ከአፉ ነጥቄ? ሂድና አንተው ንገራቸው እንግዲህ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ድልድል አለ። ወረባቦን አንደኛ አደርገዋለሁ። ከዚህ በላይ ከየት ላምጣ?»

ቢያዝን ጥፋቱን ዘርዝሮ ለአለቆቹ ጻፈ፤ ቅጣት ጠበቀ። የመጣለት መልስ ግን ሥራውን በተማረው መሠረት ስለሠራ ጥፋት አልተገኘበትም የሚል ነበር። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ከዚያ በኋላም ስንት ሌሊት።

እህሉ ቢስቲማ የደረሰው ነሐሴ አሥራ ሁለት ነው። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት በጣቢያው በር ብቅ አለች፤ እግሯ እስከ ቅልጥሟ አቧራ ለብሷል። ረሂማ እባላለሁ፣ የሼህ ሸረፈዲን ልጅ ነኝ አለች። ከነጠላዋ ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትታ ሰጠችው።

የሐምሌ ቅጽ ነበር። በየቀኑ አንጻር አንድ አንድ ዜሮ ተጽፎበታል፤ ያ ያማረ እጅ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... እስከ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ቢያዝን ቀና አለ።

«በሃያ ቀበርነው» አለች። «ድርሻውን ለልጆቼ ይሰጥ ነበር። በላሁ ይለናል፣ እናምነዋለን።»

እስካሁን ቆማ እንደነበር ያኔ ልብ አለ፤ ብድግ ብሎ የራሱን ወንበር ሰጣት።

«ቆርቆሮውን ግን አልተውነውም» አለች። «አባቴ ሳይሞት፣ ልጄ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ ብሎኛል። እኔ መጻፍ አልችልም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ቢያዝን እስክሪብቶውን አነሣ። ኦዴሳ ቢሆን በቃል የመጣ ነገር አይመዘገብም ነበር።

«ሃያ?» አላት።

«የለም።» ከንፈሯ ምሕረት እየለመነ ተንቀሳቀሰ። «አስተግፊሩላህ።»

ጻፈ።

«ሃያ አንድ?»

«የለም። አስተግፊሩላህ።»

አላቻኮላትም። አንዱን ጽፎ ሲጨርስ ሌላውን እየጠየቃት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ወረዱ።